የጎደለ አካል፣ ያልጎደለ ሰው

እግሩን በአደጋ ያጣ ሰው በሰው ሠራሽ እግር ሲራመድ፣ ጥርሱ የወለቀበትም በተተከለለት ጥርስ ሲያኝክ ድርጊቱን ከንቱነት ብሎ የሚነቅፍ አይገኝም፤ ሰው ሠራሹ አካል የጠፋውን አካል ሥራ ይሠራልና። ሥራ የማይሠራ፣ ቦታ ብቻ የሚሞላ ሰው ሠራሽ አካልስ? በሕመም ምክንያት አንድ ቆለጡ የወጣበት ወጣት በስፍራው ከሲሊኮን የተሠራ ምትክ እንዲገባለት ቢጠይቅ፣ ጥያቄው የተገባ ፍላጎት ነው ወይስ ከንቱ ውዳሴን መሻት? ጉዳዩ በአደባባይ የማይነሣ፣ በቤትም በሹክሹክታ የሚነገር ቢሆንም፣ የሰውን አካልና ክብር የሚነካ ነውና በእርጋታ ሊመረመር ይገባዋል።

በቅድሚያ ነገሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ቆለጥ የደም ሥሮችንና የዘር ቧንቧን በያዘ ገመድ መሰል ነገር ተንጠልጥሎ ይገኛል። ይህ ገመድ በድንገት ሲጠማዘዝ የደሙ መተላለፊያ ይዘጋል፤ ብርቱ ሕመምና እብጠት፣ ብዙ ጊዜም ማቅለሽለሽና ማስመለስ ይከተላሉ። አደጋው በማንኛውም ዕድሜ ሊደርስ ቢችልም ይልቁንም በጉርምስና ዘመን ይበዛል። ሐኪም በ6 ሰዓት ውስጥ ከደረሰለት ቆለጡ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል፤ ከ24 ሰዓት በኋላ ግን ተስፋው እጅግ የመነመነ ነው። የሞተው ይወጣል፤ የቀረውም እንዳይጠማዘዝ በስፌት ይያዛል። ጤናማ የሆነ አንድ ቆለጥ ለወንድ ሆርሞንም ሆነ ለመውለድ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ሰው ሠራሽ ቆለጥ በሕክምና ጽሑፍ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1941 ሲሆን፣ ያኔ ከብረት ቅይጥ የተሠራ ነበር። ኋላ ሲሊኮን ቦታውን ወሰደ፤ በአሜሪካ በጨው ውኃ የሚሞላው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2002 ተፈቅዷል። ቀዶ ጥገናው ከከባዶቹ ወገን ባይቆጠርም ከማመርቀዝ፣ ከሕመም፣ ዕቃውም ከቦታው ከመንሸራተት አደጋ ነጻ አይደለም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ የከንቱነት ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1958 ለጣሊያን የፕላስቲክ ቀዶ ጥገና ሐኪሞች ባሰሙት ንግግር፣ የአካል ውበት ከመንፈሳዊው በታች ቢሆንም በራሱ መልካም ነገር መሆኑን አስረድተዋል፤ የቀዶ ጥገናውም ተገቢነት በሐሳብ ቅንነት፣ በአደጋው ማነስና በምክንያቱ በቂነት እንደሚመዘን አመልክተዋል። ይህን ሚዛን እንያዝ። ከንቱ ውዳሴ ተመልካች ይፈልጋል፤ ይህ አካል ግን ከሰው ዓይን የተሰወረ ነው። ወጣቱ ከሌሎች ልቆ ለመታየት ሳይሆን እንደ ቀድሞው ለመሆን ይሻል። ይህ ትዕቢት አይደለም።

ሁለተኛው የእውነት ጥያቄ ነው፤ የሌለውን እንዳለ ማስመሰል ሐሰት አይሆንምን? ልብስ ገላን ይሸፍናል እንጂ አይዋሽም። ማንም ሰው ስለ ገላው ምሥጢር ለጎረቤትና ለጓደኛ መልስ የመስጠት ዕዳ የለበትም። ከእርሱ ጋር አንድ ሥጋ ልትሆን ለታጨችው ግን ነገሩን አስቀድሞ ሊነግራት ይገባል። ምትኩ ገላን ሲሸፍን የተገባ ነው፤ ቃልን ሲሸፍን ግን ወደ ማታለል ያደላል።

ሦስተኛውና ጥልቁ ጥያቄ የወንድነት ነው። በቀደሙት ጦርነቶች የጠላትን ብልት መስለብ የጀግንነት ምልክት ተደርጎ ይቆጠር ስለ ነበር፣ «ስልብ» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ የሚያቆስል ስድብ ሆኖ ቀርቷል። የቤተ ክርስቲያን ሕግ ግን ከጥንት ጀምሮ በሌላ መንገድ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ325 የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ በመጀመሪያው ቀኖናው፣ ጤናማ ሆኖ ሳለ ራሱን የሰለበውን ከክህነት ሲያግድ፣ በሕመም ምክንያት ሐኪሞች የቆረጡትን ወይም ጠላት የሰለበውን ግን በክህነቱ እንዲቆይ ፈቅዷል። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕግም በቀኖና 801 መካንነት ጋብቻን እንደማይከለክል ይደነግጋል። ሁለቱንም ቆለጡን ያጣ ሰው እንኳ ክብሩ ካልተነካ፣ አንዱን ያጣውማ እንዴት ጎደሎ ይባላል?

እዚህ ላይ ተቃውሞ ይነሣል፤ «ምንም አልጎደለህም» እያልን «የጎደለህን ሙላ» ብንለው እርስ በርሱ አይጋጭምን? አይጋጭም። የሰው ክብር በአንድ ብልት አይመዘንም፤ አካል ግን አውልቀው የሚጥሉት ካባ አይደለም፤ መጉደሉ እውነተኛ ኀዘን ነው። ሐውልት ሙትን አያስነሣም፤ ቢሆንም ለወዳጁ ሐውልት ያቆመውን ሰው ከንቱ አንለውም። ኀዘን መልክ እንዲኖረው ይሻልና።

ስለዚህ ምትኩ የተፈቀደ ነው፤ ግዴታ ግን አይደለም። ውሳኔው ለማሰብ የበቃው የወጣቱ የራሱ እንጂ «ሰው ምን ይላል» የሚል ወላጅ ሊሆን አይገባም። ቤተሰብ የማረሻ በሬውን ሸጦ ወይም የሌሎችን ልጆች ትምህርት አቋርጦ ሊፈጽመውም አይገባም። ወንድነትን እገዛበታለሁ ብሎ የሚገባበት ሰው ደግሞ በቀዶ ጥገና የማይገኘውን ይፈልጋልና ከምላጩ በፊት መልካም መካሪ ያስፈልገዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚብስ አንድ ነገር አለ። ብላቴናው በሌሊት ሕመሙ ሲጀምረው እንዳይናገር የሚያፍነው እፍረት ነው። ጨዋነት ብለን ያስተማርነው ዝምታ እነዚያን 6 ሰዓታት ሊበላቸው ይችላል። ሐፍረተ ሥጋን መሸፈን መልካም ነው፤ ሕመምን መሸፈን ግን ጨዋነት አይደለም። እንግዲህ አባቶችና እናቶች፣ መምህራንም፣ ልጆቻችሁ ስለዚህ አካላቸው ያለ ፍርሃት የሚናገሩበትን ቃል ስጧቸው፤ እንዲህ ያለ ሕመም ሲሰማቸውም እስኪነጋ ሳይጠብቁ እንዲቀሰቅሷችሁ ንገሯቸው።