ግመሉን ሳያስሩ ተወኩል

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

“በሽታም ጤናም ከአላህ ነው፤ ታዲያ ልጄን ለምን አስከትባለሁ?” የሚል አነጋገር በየሰፈሩ ደጋግሜ እሰማለሁ። የአነጋገሩ የመጀመሪያ ግማሽ እውነት ነው። ችግሩ ያለው “ታዲያ” ከምትለዋ ቃል ላይ ነው። ነገሩን ከእኛ ራቅ ካለ ታሪክ ተነስቼ ላቅርበው።

እ.ኤ.አ. በ1775 የአሜሪካ ቅኝ ተገዢዎች በእንግሊዝ ላይ ጦር ሲያነሱ የገጠማቸው ጠላት ሁለት ነበር፤ አንዱ የእንግሊዝ ወታደር፣ ሌላው ፈንጣጣ። በእንግሊዝ አገር ፈንጣጣ ከሕዝቡ መሐል ስለማይጠፋ ከወታደሩ ብዙው በልጅነቱ ታሞ የዳነ ነው። አንዴ የያዘው ደግሞ ዳግመኛ አይያዝም ማለት ይቻላል። ከየገጠሩ የተመለመለው አሜሪካዊ ግን ለበሽታው እንግዳ ነበር። ኩቤክን ሊይዝ ወደ ካናዳ የዘመተው ጦር በፈንጣጣ ረገፈ። አዛዡ ጄኔራል ጆን ቶማስ ሳይቀር በሰኔ 1776 በዚሁ በሽታ ሞተ።

መድኃኒቱ ሳይታወቅ ቀርቶ አልነበረም። ከሕመምተኛው ቁስል መግል ተወስዶ በጤነኛው ክንድ ላይ በተበጣ ቦታ ይደረጋል፤ ሰውየው ቀለል ያለ ሕመም ታሞ ይድናል። ሁሉም ግን አይድንም። በ1721 ቦስተን ከተማ በወረርሽኙ ከተያዙት ከሰባት አንድ ያህል ሲሞት፣ ከተከተቡት የሞተው ከአርባ አንድ ያህል ነበር። በዚያ ላይ የተከተበው ሰው እስኪድን ድረስ ሌላውን ያስይዛል። ዋና አዛዡ ጆርጅ ዋሽንግተን በግንቦት 1776 ኒውዮርክ ላይ ክትባትን የከለከለው ለዚህ ነው፤ የተከተበ መኮንን ከሠራዊቱ ይባረር ነበር። በየካቲት 1777 ደግሞ ሞሪስታውን ከተማ ሰፍሮ ሳለ ያው ሰው ሠራዊቱ በሙሉ እንዲከተብ አዘዘ። ወታደሮቹ በየተራ ተለይተው ለሳምንታት ይተኛሉ፤ ጠላት ሰምቶ አልጋ ላይ እንዳሉ እንዳይደርስባቸው ነገሩ በምስጢር ተያዘ። በኋላ ፈንጣጣ ያን ጦር እንደ ኩቤኩ አልፈታውም።

ዑለሞቻችን ሁለት ጉዳት ሲጋጠም ቀላሉን ተሸክሞ ከባዱን መከላከል የሚሉት ደንብ አለ። ዋሽንግተን ፊቅህ አልተማረም፤ የገባበት ሚዛን ግን ይኸው ነው።

በነገራችን ላይ ያ ጥበብ የአውሮፓ ፈጠራ አይደለም። ለቦስተኑ ቄስ ኮተን ማዘር የነገረው ኦኔሲመስ የተባለ በባርነት የተያዘ አፍሪካዊ ሲሆን፣ እርሱ ራሱ በአገሩ ተከትቦ ነበር። የእንግሊዝ አምባሳደር ሚስት ሌዲ ሜሪ ሞንታጉም በ1717 ከኤድርኔ ስለ ክትባቱ ጽፋ፣ በተከታዩ ዓመት ልጇን ያስከተበችው በዑስማንያ ቱርክ ምድር ነው። “የአምላክን ሥራ መዳፈር ነው” የሚል ተቃውሞም አልቀረም፤ በማዘር ቤት ፈንጂ እስከ መወርወር ተደርሷል። ቀደርን ለስንፍና መጋረጃ ማድረግ የእኛ ሰፈር ብቻ አመል አይደለም ማለት ነው።

የእኛ መልስ ግን ከዚያ ከሺህ ዓመት በፊት ተሰጥቷል። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው፣ ሙሃጂሮችንና አንሷሮችን አማክረው ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ቀደር መሸሽ ነውን ብለው ጠየቋቸው። ዑመርም አዎን፣ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር ነው የምንሸሸው አሉ። ግመሎቹን ለምለሙ ዳገት ላይም ያሰማራ ደረቁ ላይም ያሰማራ፣ ሁለቱም በአላህ ቀደር እንደሆነ አስረዷቸው። ወዲያው ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) ደርሰው፣ ወረርሽኝ ካለበት አገር እንዳይገባ፣ ከውስጡም ሸሽቶ እንዳይወጣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማዘዛቸውን ነገሯቸው። እንግዲህ ክትባትን ተወኩል ማጉደል ነው የምንል፣ ከዑመር የበለጠ ተወኩል ከየት አመጣን?

በተፈጥሮ በፈንጣጣ የተያዘው የመጨረሻው ሰው ከጎረቤታችን ሶማሊያ፣ ከመርካ ከተማ ነው፤ ዓሊ ማኦ ማሊን ይባላል። የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ሳለ መርፌው ያማል ብሎ ፈርቶ ሳይከተብ ቆየ፤ በጥቅምት 1977 ታመመ፣ አላህም አዳነው። በኋላ ዘመኑን በየመንደሩ እየዞረ የራሱን ታሪክ ለወላጆች በመንገር ልጆቻቸውን ለፖሊዮ እንዲያስከትቡ ሲለምን ኖሮ፣ በ2013 በዚያው ሥራ ላይ እንዳለ በወባ ሞተ። አላህ ይዘንለት።

ወሏሁ አዕለም።