«ፎርማት ላድርገው?»

የሰፈር ሰው «ኢንጅነር» ብሎ መጥራት የጀመረኝ ገና ፍሬሽማን እያለሁ ነው። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ያደገ ልጅ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ገባ ከተባለ በቃ፣ የዲሽ ሪሲቨር ያስተካክላል፣ ስልክ ይከፍታል፣ ኮምፒውተር ያክማል። እኔም አልችልም ብዬ አላውቅም። ስሙ ደስ ይለኝ ነበር።

በ2010 ክረምት ሁለተኛ ዓመትን ጨርሼ፣ የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወጥቼ ቤት ገባሁ። በሳምንቱ የሰፈራችን ቅሬ ጸሐፊ አስጠሩኝ። (ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንላለን።) ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ኮምፒውተራቸው ለመነሳት ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል፣ በቫይረስ ተጥለቅልቋል።

«ጋሼ፣ ፎርማት ላድርገው?»

«አንተ ታውቃለህ ልጄ። አዎ፣ አድርገው።»

«ፋይልዎት ዲ ላይ ነው አይደል?»

«አዎ፣ አዎ። ዲ ላይ ነው።»

ሲ ድራይቭን አጠፋሁት። ዊንዶውስ ሰባትን እንደ አዲስ ጫንኩ፣ ቡና ጠጣሁ፣ ተመርቄ ወጣሁ። በማግስቱ ማታ ጋሼ በራችን ላይ ቆመው፣ «የቅሬው መዝገብ የት ሄደ ልጄ?» አሉኝ። ለካ እሳቸው «ዲ» ያሉት ዴስክቶፕ ማለታቸው ነበር። ዴስክቶፕ ላይ የሚታይ ነገር ሁሉ የሚቀመጠው ሲ ውስጥ ነው። ከመቶ በላይ አባወራ የከፈለው፣ ያልከፈለው፣ ማን መቼ እንደሞተና ለቤተሰቡ ምን እንደተሰጠ፣ ሁሉም እዚያ ነበር።

ምን ብዬ መለስኩ? «ቫይረሱ በልቶት ይሆናል።»

እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ግን ከውሸቱ በላይ ከውሸቱ ኋላ የመጣው ነው። በዊንዶውስ መጫኛ ዲስክ ፎርማት ስታደርጉ በአብዛኛው የሚጠፋው የፋይሎቹ ማውጫ ነው። መረጃው ራሱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ዲስኩ ላይ ይቆያል። አዲሱ ዊንዶውስ የተወሰነውን ሸፍኖታል፣ እሱ የእኔ ጥፋት ነው። የቀረውን ግን በዚያች ማታ «ጋሼ፣ ኮምፒውተሩን አይንኩት፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ብል ኖሮ በፋይል መመለሻ ፕሮግራም ማውጣት ይቻል ይሆናል። እኔ ዝም አልኩ። እሳቸው ምንም ሳይጠረጥሩ ይሠሩበት ጀመር፣ የልጅ ልጆቻቸውም ፊልም ጫኑበት። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ተጻፈበት።

ጋሼ ደብተር ይዘው ቤት ለቤት ዞሩ። «የትኛው ወር ድረስ ከፍለሻል? ደረሰኝ አለሽ?» አብዛኛው ሰው አዘነላቸው። ጥቂቱ ደግሞ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው መዝገብ ጠፋ ሲል ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን በሚል ዓይን አያቸው። የእኔን ስም አላነሱም። የሚያነሱበት ምክንያት አልነበራቸውማ፣ ቫይረስ ነዋ የበላው።

አሁን አዲስ አበባ ሶፍትዌር እጽፋለሁ። ከሥራዬ አንዱ «ተስማምቻለሁ» የሚል ቁልፍ መሥራት ነው፣ እናንተም ሳታነቡ የምትጫኑትን ዓይነት። ቁልፉን በሠራሁ ቁጥር የጋሼ «አዎ» ይመጣብኛል። ጠየቅኩ፣ ተፈቀደልኝ፣ አደረግኩ። በወረቀት ላይ ንጹሕ ነኝ። ግን አንድ ሰው ምን እንደተጠየቀ ሳያውቅ የሰጠው ፈቃድ ፈቃድ ነው?

አንድ የሥራ ባልደረባዬ እንዲህ ብሎ ሞገተኝ። «እንዲህ ካልክማ ማንም ለምንም ሊፈቅድ አይችልም። ቀዶ ጥገና የሚገባ ሰው ሕክምና ተምሮ ነው የሚፈርመው?» እውነቱን ነው። ለጥቂት ቀን መልስ አጥቼ ነበር። አሁን የሚመስለኝ ሕመምተኛው ቢላዋው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ የለበትም፣ ምን ሊያጣ እንደሚችል ግን ማወቅ አለበት። ጋሼም ስለ ፓርቲሽን ማወቅ አይጠበቅባቸውም ነበር። «ፎርማት ላድርገው?» በእኔ ቋንቋ የተጠየቀ ጥያቄ ነው። በእሳቸው ቋንቋ ቢሆን «እዚህ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ እንዳይጠፋ የሚፈልጉትን በጣትዎ ያሳዩኝ» ነበር የሚባለው። ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። እኔ ደግሞ ያንን ያልጠየቅኩት ኢንጅነር መምሰል ስለፈለግኩ ነው፣ ኢንጅነር ብዙ አይጠይቅማ።

ደግሞ ሌላም አለ። ኮምፒውተሩ የጋሼ ቢሆንም መዝገቡ የቅሬው ነው። በደንብ ገብቷቸው «አዎ» ቢሉ እንኳ፣ የመቶ ቤት ሰው ስም ለማጥፋት የእሳቸው «አዎ» ብቻ ይበቃ ነበር? እዚህ ላይ አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም።

በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ጋሼም ከብዙ ሰው ጋር ከተማዋን ለቀው ወጡ። ሲመለሱ ኮምፒውተሩ አልነበረም። የመመለስ ተስፋ ካለም በዚያው አለቀ።

ዘንድሮ ለጥምቀት ስሄድ ጋሼ እንደገና አስጠሩኝ። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝተዋል፣ ዊንዶውስ 10 አለው። ከቁም ሳጥን ሥር ደግሞ ሲዲ አግኝተዋል፣ ከ1997 እስከ 2003 ያለው የቅሬው መዝገብ። ሲከፍቱት ግን የሚታየው የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ነው። «ይሄም ቫይረስ ይሆን?» አሉኝ። መሬት ብትከፈትልኝ በገባሁ።

ቫይረስ አልነበረም። መዝገቡ የተጻፈው በቪዥዋል ግዕዝ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያዎች ግን ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ፎንቱ ሲኖር አማርኛ ይሆናል፣ ሲጠፋ ትርምስ። ለማንበብ ብቻ ቢሆን ፎንቱ ይበቃ ነበር። ጋሼ ግን መቀጠል ነው የፈለጉት፣ ጣታቸው የሚያውቀው ደግሞ የድሮውን የቁልፍ አቀማመጥ ነው። ፕሮግራሙ አዲሱ ዊንዶውስ ላይ እምቢ አለኝ። «የድሮውን መልስልኝ» አሉኝ።

ዊንዶውስ ሰባት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 14 ቀን 2020 ጀምሮ የደኅንነት ማሻሻያ አይመጣለትም። ይህንን በእሳቸው ቋንቋ ነገርኳቸው፤ «መቆለፊያ የሌለው በር ማለት ነው፣ ኢንተርኔት ላይ አያወጡትም»። ከዚያ ላፕቶፑን በውጫዊ ሃርድ ዲስኬ አስነሳሁት። ኡቡንቱ ጭኜበታለሁ፣ ከውስጥ ያለውን ዲስክ ሳይነካ ይነሳል። ዴስክቶፑንም፣ ዳውንሎዱንም፣ ሁሉንም በስክሪኑ እያሳየሁ በጣታቸው አስጠቆምኳቸው፣ ቀዳሁ። መብራት አንዴ ሄደ፣ እንደገና ጀመርን። የድሮውን ከአዲሱ ጎን በተለየ ክፍል ላይ ጫንኩት። ማውሱ መጫኛው ላይ ሞተ (ሰባት ዩኤስቢ 3ን በራሱ አያውቅም)፣ በኪቦርድ ጨረስኩ። እንደፈራሁትም የድሮው ሲገባ የአዲሱን ማስነሻ ደረበበት፣ እሱን መጠገን እስከ እኩለ ሌሊት ወሰደብኝ።

የመጀመሪያው ገጽ በአማርኛ ሲከፈት ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ስም በስም ያነቡ ጀመር። ግማሹ ሞቷል። ከጠረጠሯቸው ሰዎች የአንዱ ስም ላይ ሲደርሱ አላስቻለኝም።

«ጋሼ፣ ያን ጊዜ ቫይረስ አልነበረም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ከስክሪኑ ዓይናቸውን አላነሱም። «ያን ቀን ብትነግረኝ ይመለስ ነበር?»

«የተወሰነው። ምናልባት።»

ብዙ ቆዩ። ከዚያ «እኔንስ ተወው» አሉ። «ለቅሬው ግን አንተው ትነግራለህ።»

ስብሰባው እሁድ ከሰዓት ነው። የምናገረውን ወረቀት ላይ ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት። «ሲ ድራይቭ» የሚል ቃል ሳልጠቀም ማስረዳት እየሞከርኩ ነው።