ውለታን አለመርሳት

ምስጋና የአንደበት ጌጥ አይደለም፤ የተቀበሉትን በጎ ነገር አስቦ ሰጪውን ማወቅ ነው። ስለዚህም ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ጸሎተ አኰቴትን ሠርታ፥ እግዚአብሔር ስለ ጠበቀን፥ ስለ ረዳንና እስከዚች ሰዓት ስላደረሰን እንድናመሰግነው ታስተምረናለች። ልመናችን ብዙ ነው፤ ነገር ግን የነገውን ከመለመን አስቀድሞ የትናንቱን ማሰብ ይገባናል።

በእንጅባራ አጠገብ የሚገኘውን የዘንገናን ሐይቅ ያየ ሰው ይህን ትምህርት ከፍጥረት ሊማር ይችላል። በጥንት ዘመን ከምድር ውስጥ የፈነዳው እሳት በከፈተው ጕድጓድ ዛሬ ጥልቅና ጸጥ ያለ ውኃ ተኝቶበታል። ትልቅ ወንዝ ሳይገባበት፥ ከሰማይ የሚወርደውን ዝናም እየተቀበለ ይኖራል። እኛም እንደዚሁ ነን፤ ገብሱን የዘራው እጃችን ቢሆንም ዝናሙን የሰጠን እግዚአብሔር ነው።

የዚያ አገር ሕዝብም ውለታን በማሰብ የታወቀ ነው። ፈረሶች በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት ለዋሉት ውለታ መታሰቢያ እንዲሆን በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር፥ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ያከብራል። እንግዲህ አንደበት የሌለውን የፈረስ ውለታ ያልረሳ ሰው፥ የፈረሱንም የፈረሰኛውንም ፈጣሪ እንዴት ይረሳል? በወንጌል እንደ ተጻፈው ዐሥሩ ለምጻሞች ሁሉም ለምነው ነበር፤ ሁሉም ነጹ፤ ለማመስገን የተመለሰው ግን አንዱ፥ እርሱም ሳምራዊው ብቻ ነው።

ምናልባት «ልጁን የቀበረ፥ አዝመራውንም በረዶ ያጠፋበት ሰው ስለ ምን ያመሰግናል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ማመስገን ክፉውን ነገር መልካም ነው ማለት አይደለም፤ ማልቀስም ኀጢአት አይደለም። ጌታችን በአልዓዛር መቃብር አልቅሷልና፤ በዚያው መቃብር ፊት ቆሞም አባቱን አመስግኗል። ተላልፎ በተሰጠባት ሌሊትም አመስግኖ ምስጢረ ቍርባንን ሠራልን። ስለዚህ ዕንባና ምስጋና በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ሊያድሩ ይችላሉ። ያዘነውን ሰው ግን «አመስግን» እያልን ልንገሥጸው አይገባንም፤ አስቀድመን ከእርሱ ጋራ እናልቅስ፤ ማመስገን ሲያቅተውም እኛ በአጠገቡ ቆመን ስለ እርሱ እናመስግንለት።

ምእመናን ሆይ፥ ምስጋናችን በቃል ብቻ እንዳይቀር እንጠንቀቅ። ጠዋት ስንነሣ ከልመናችን በፊት የተደረገልንን እናስብ፤ ማዕድ ስንቀርብ በር ላይ የቆመውን ነዳይ አንርሳ፤ አዲሱ እህል ሲገባም በኵራቱን ለእግዚአብሔር እንለይ። የተሰጠውን የሚያስብ ሰው ለመስጠት አይሰስትም፤ ውለታን የረሳ ግን ጎተራው ሞልቶ ሳለ ድኻ ነው።

የተደረገልንን የምናስብበት ልቡና ያድለን፤ ለእርሱ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ ለዘለዓለሙ፤ አሜን።