የሚያሳልፈውን ወይስ የሚወዱትን?

ሰኔ ላይ አሥረኛ ክፍልን የጨረሰች የጎረቤቴ ልጅ አንድ ጥያቄ ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ናቹራል ልግባ ወይስ ሶሻል?» ጥያቄው በየዓመቱ በየቤቱ የሚነሳ ነውና መልሱ አልቸገረኝም። በፊዚክስ ስንት እንዳገኘች ጠየቅኋት፤ 61 ነው አለችኝ። በታሪክና በጂኦግራፊ ከ80 በላይ አላት። «ታዲያ ምን ያጠያይቃል? ሶሻል ግቢ» አልኳት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «እኔ እኮ የምወደው ፊዚክስን ነው» አለች። መልስ አጣሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ ሰነበትኩ።

ለመሆኑ አንድ ሰው በአሥራ ስድስት ዓመቱ የሚከብደውን ነገር ቢመርጥ ድፍረት ነው ወይስ ሞኝነት? እኛ ታላላቆቹስ በዚህ ምርጫ ውስጥ ድርሻችን ምንድን ነው?

በመጀመሪያ የመከርኳት ከፍርሃት ተነስቼ እንደነበር ልናዘዝ። ፍርሃቱም ምክንያት አለው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰብስበው ሲፈተኑ፣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ 3.3 መሆኑ ነው። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ቢልም ያ ድንጋጤ ከወላጅ ልብ አልወጣም። የልጅቱ አባት እዚሁ ሞጆ ደረቅ ወደብ ውስጥ ጫኝና አውራጅ ነው። «ትለፍልኝ እንጂ በየትኛውም በር ትግባ» ይላል። ቀኑን ሙሉ በትከሻው ሸክም ሲያወርድ የሚውል አባት እንዲህ ቢል ማን ይፈርድበታል?

ሆኖም ቁጥሩን ጠጋ ብዬ ሳየው ምክሬን የሚደግፍ ሆኖ አላገኘሁትም። በዚያው በ2014ቱ ፈተና ከተፈጥሮ ሳይንስ ተፈታኞች 6.8 በመቶ ሲያልፉ፣ ከማኅበራዊ ሳይንስ ያለፉት 1.3 በመቶ ብቻ ናቸው። «ሶሻል ይቀላል» የሚለው አባባል በዚህ ፈረሰ። ግን «እንግዲያው ናቹራል ያሳልፋል» ማለትም ስሕተት ነው። ድሮውንም ጠንካራ የተባለው ተማሪ ወደ ናቹራል ስለሚነዳ፣ ቁጥሩ የሚነግረን ማን እንደገባ እንጂ ትምህርቱ በገባው ላይ ምን እንዳደረገ አይደለም። ስለ አንዲት ልጅማ ምንም አይነግረንም።

ሌላም የሚያሳፍረኝ ነገር አለ። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ መንግሥት ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲያጠኑ የሚል ድልድል ሲያወጣ፣ «ሰባ ሠላሳ» የሚለው ቃል ከየቤቱ ገባ። ታናሽ ወንድሜ የታሪክ መጽሐፍ ከእጁ የማይለይ ልጅ ነበር። እኔ ግን «ጎበዝ ልጅ ሶሻል አይገባም» ብዬ ናቹራል አስገባሁት። ምህንድስና ደረሰው። ሁለተኛ ዓመት ላይ ውጤቱ አልበቃ ብሎ ሻንጣውን ይዞ ተመለሰ። ዛሬ ከጂቡቲ ሞጆ የሚመላለስ ተሳቢ ይነዳል። ኑሮው ከእኔ አያንስም፤ አንድ ቀንም ወቅሶኝ አያውቅም። አለመውቀሱ ነው የሚከብደኝ።

እንግዲህ ወንድሜን ወደ ናቹራል የገፋሁት በኩራት ነው። ይህችን ልጅ ወደ ሶሻል ልገፋት የነበረው በፍርሃት ነው። አቅጣጫው ይለያይ እንጂ ጥፋቱ አንድ ነው። በሁለቱም ጊዜ ያየሁት ልጁን ሳይሆን ውጤት የሚለጠፍበትን ቀንና ጎረቤት የሚለውን ነው።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብሎ የሚሞግተኝ አይጠፋም። እውነት አለው። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ፍቅር ሊያልፍ ይችላል፤ አንድ ጥሩ አስተማሪ የጫረው እሳት አስተማሪው ሲቀየር ይጠፋ ይሆናል። ምርጫው ደግሞ መመለሻ የለውም። ሞጆ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ አዳማ፣ ሌላው በቆቃና በመቂ አድርጎ ወደ ሐዋሳ ይሄዳል። የተሳሳተ ሹፌር መቂ ደርሶም ቢሆን መመለስ ይችላል፤ የሚያጣው ነዳጅና ሰዓት ነው። ሶሻል የገባ ልጅ ግን ወደ ሕክምናና ወደ ምህንድስና የሚመለስበት በር የለውም። ከባዱን መምረጥ ያስፈራል እንላለን፤ ከባዱን ሳይሞክሩ መተውም እንዲሁ ሊያስፈራን ይገባ ነበር።

ስለዚህ ልጅቱን መልሼ ጠራኋትና መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅኋት። «ከፊዚክስ የምትወጂው ምኑን ነው?»

ስለ ሪች ስታከሩ ነገረችኝ። ኮንቴይነር የሚያነሳውን ያንን ትልቅ ማሽን በአጥሩ በኩል ስታየው ነው ያደገችው። ኮንቴይነሩን ካነሳ በኋላ ከመንቀሳቀሱ በፊት ክንዱን ወደ ራሱ ይሰበስባል። ለምን እንደሆነ አባቷን ብትጠይቀው «ካልሰበሰበው ይደፋላ!» አላት። ለምን እንደሚደፋ ግን አልነገራትም። ክፍል ውስጥ አስተማሪው ሸክሙ ያው ሆኖ ርቀቱ ሲጨምር የመድፋት ኃይሉም እንደሚጨምር፣ ከኋላ ያለው የማሽኑ ክብደትም ያንን ለመመከት እንደተቀመጠ ሲያስረዳ፣ የሪች ስታከሩ ነገር ድንገት ተገለጠላት። አንደኛው ረድፍ ላይ 45 ቶን የሚያነሳ ማሽን ከኋላው ካለው ረድፍ ላይ ያንኑ ማንሳት የማይችለውም በዚሁ ምክንያት ነው። «ከዚያ ቀን ወዲህ ወደቡን ሳየው ሌላ ነው» አለችኝ።

ይህን የምትል ልጅ 61 ማግኘቷ ምን ይነግረናል? አለመዘጋጀቷን ሊሆን ይችላል። ቋንቋውም ሊሆን ይችላል፤ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምራ ዘጠነኛ ስትገባ ፊዚክስን በእንግሊዝኛ ነው ያገኘችው። ማርኩ ዛሬ የት እንዳለች ይናገራል እንጂ እስከ የት መሄድ እንደምትችል አይናገርም።

እውቀት የሚያስገኘው ቦታ ብቻ ከሆነ ዋጋው፣ የፊዚክስ ሊቁን የዶክተር ሙሉጌታ በቀለን ሥራ ምን እንለዋለን? በደርግ ዘመን ለዓመታት ታስረው ሳሉ አብረዋቸው ለታሰሩት ያስተምሩ ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር ለሰብአዊ መብት ለቆሙ ሳይንቲስቶች የሚሰጠውን የአንድሬ ሳካሮቭ ሽልማት አገኙ። በእስር ቤቱ ግን ሽልማት አልነበረም፤ ነገ ስለመኖሩም ዋስትና አልነበረም። እዚያ የተማረ ሰው የተማረው ነገሩን ለማወቅ ነው።

ይህን ስል ልጆች ሁሉ የወደዱትን ብቻ ይከተሉ ማለቴ አይደለም። የደኻ ልጅ ውድቀት ከሀብታም ልጅ ውድቀት ይበልጣል፤ ይህን የማይቆጥር ምክር የጥጋበኛ ምክር ነው። እኔ የምለው መካሪ ዋጋውን ይንገር፣ ምርጫውን ግን አይቀማ ነው።

ምክሬን አነሳሁ። ናቹራል ብትገባ ኬሚስትሪውም ባዮሎጂውም ሒሳቡም እንደሚጠብቃት፣ በ61 እንደማይገፋ፣ ልትወድቅም እንደምትችል ነገርኳት። ብትወድቅ «ብዬሽ ነበር» እንደማልላትም ጨመርኩ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ነውና፣ ምዝገባው እስኪደርስ የ11ኛ ክፍልን የፊዚክስ መጽሐፍ ፈልጋ ቬክተርንና እንቅስቃሴን እንድትሞክር መከርኳት። ማታ ያቃታትን ጥያቄ ጠዋት ተነስታ እንደገና የምትገልጠው ከሆነ ያ አንድ ነገር ይነግራታል፤ መጽሐፉን ማየት ካስጠላትም ይነግራታል።

አሁን ነሐሴ ነው። ደብተሯን ይዛ አንዳንድ ቀን ብቅ ትላለች። ባለፈው ሳምንት ሦስት ጊዜ የተሳሳተችውን አንድ ጥያቄ አሳየችኝ፤ አራተኛውን እየሞከረች ነበር። ምን እንደምትመርጥ አልጠየቅኋትም።

ወንድሜ ግን ከጂቡቲ ተመልሶ ጭነቱን እስኪያራግፍ ሲጠብቅ ቤት መጣና ቡና ስንጠጣ ጠየቅሁት። «ያኔ ምን መማር ፈልገህ ነበር?»

ሲኒውን አስቀምጦ አየኝና ሳቀ። «ዛሬ ገና ጠየቅኸኝ?» አለኝ።