ሯጭን ማስቆም

«ወጌሻ» የሚለው ቃል በሀገራችን ሁለት ሰዎችን ይጠራል። አንደኛው የተሰበረ አጥንት የሚጠግነው፣ የወለቀ መገጣጠሚያ የሚመልሰው፣ ሙያውን ከአባቱ እጅ የተቀበለው የመንደር ባለሙያ ነው፤ በጅማም ሆነ በአጋሮ ወይም በሊሙ ገነት ቤቱን ጠይቆ የሚያጣ ሰው የለም። ሁለተኛው ቦርሳውን አንግቦ ከስፖርተኞች ጋር የሚጓዘው፣ በትምህርት ስሙ ፊዚዮቴራፒስት የምንለው ነው። ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ራሱ የሚሮጥና ሙያውን ለሯጮች የለየ ይገኛል። ልንጠይቅ የወደድነው ስለ እርሱ ነው። የገዛ እግሩ ሩጫን የሚወድ ሰው ሌላውን ሯጭ «አትሩጥ» ለማለት ይበልጥ የተገባ ነውን? ወይስ ይበልጥ የተፈተነ?

የተገባ ነው የሚያሰኘው ብዙ ነው። ሮጦ የማያውቅ ሐኪም ለእግር ሕመም ያለው መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ቃል ነው፤ «ተወው»። የሚሮጠው ግን ሕመምን ከሕመም ይለያል። ሰውነት ሲሟሟቅ የሚለቅ ሕመም አለ፤ በእያንዳንዱ እርምጃ የሚጨምርም አለ። የተረከዝ ጅማት ሲጎዳ ፍጹም ሥራ መፍታት አያድነውም፤ በልክ እየተጫነ፣ ጭነቱም ቀስ በቀስ እየጨመረ በወራት ነው ኃይሉን የሚያገኘው። በድካም ብዛት የተሰነጠቀ የቅልጥም አጥንት ግን ሌላ ነው፤ ስድስት ወይም ስምንት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ከሩጫ መራቅን ይጠይቃል። እዚህ ላይ እሽት አይጠቅምም። የሚሮጥ ፊዚዮቴራፒስት ይህንን በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በገዛ እግሩ የተማረው ስለሆነ፣ «ዛሬ ይህን ያህል፣ ነገ ዕረፍት፣ ከነገ ወዲያ በለስላሳ አፈር ላይ» ብሎ መስፈር ይችላል። ሯጩም ያምነዋል፤ የሚከለክለው ነገር ምን ያህል እንደሚወደድ እንደሚያውቅ ስለሚያውቅ።

ፈተናው ከዚሁ ከመተማመኑ ይወለዳል። በሽተኛው «ለዚህ ውድድር ብቻ አድርሰኝ» ሲለው የሐኪሙ ልብ አብሮ ይሮጣል። እኛ ተመልካቾችም አናግዘውም፤ የምንተርካቸው ታሪኮች ሁሉ የሚያቆሙት ድል ላይ ነውና። ሻምበል አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1964 የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር፤ ከአምስት ሳምንት በኋላ ጥቅምት 21 ቀን በቶኪዮ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ። ይህንን ለልጆቻችን ደጋግመን እንነግራለን። ከአራት ዓመት በኋላ በሜክሲኮ እግሩን እየታመመ መነሣቱንና 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ማቋረጡን ግን ፈጥነን እናልፈዋለን፤ ያን ቀን ማሞ ወልዴ ወርቁን ስላመጣልን ለማለፍ አልተቸገርንም። ቶኪዮ ሁሉን የሚያስረዳ ምሳሌ ቢሆን ኖሮ ሜክሲኮ ባልኖረ ነበር። የተሳካ ድፍረት ሁሉ ትክክለኛ ምክር ነበር ማለት አይደለም፤ ያልተሳካውም ሁሉ ጥፋት አይደለም። በአበበ በኩል ግን በ17ኛው ኪሎ ሜትር መቆም ከጀግንነቱ አንዳች ያጎደለ አይመስለንም።

ለመሆኑ ሐኪም የበሽተኛውን ዕጣ መካፈል የግድ ያስፈልገዋልን? የአበበ ሕይወት ለዚህም መልስ አለው። በመጋቢት 1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ከሆኑ በኋላ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወሰደ። የአከርካሪ ጉዳት ማእከሉን በ1944 የመሠረተው፣ ከናዚዎች ሸሽቶ ከጀርመን የመጣው አይሁዳዊ ሐኪም ሉድዊግ ጉትማን ነበር። ይህ ሰው በራሱ እግር የሚሄድ ነበር። ሆኖም በሐምሌ 1948 የለንደን ኦሎምፒክ በተከፈተበት ዕለት በተሽከርካሪ ወንበር ላሉ ሕሙማን የቀስት ውድድር ያዘጋጀው እርሱ ነው፤ አበበም በ1970 በዚያው ሥፍራ በቀስት ተወዳድሯል። ጉትማን ያልተካፈለውን ዕጣ አስተውሎ በማየት ዐውቆታል። እንግዲህ ተመሳሳይነት በር ይከፍታል እንጂ ቤቱን አይሠራም።

ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በየካቲት 1984 ስለ ሰው ልጅ ሥቃይ በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት ደጉን ሳምራዊ ሲተነትኑ፣ ከቆሰለው ሰው አጠገብ መቆሙ ለማየት መጓጓት ሳይሆን ራስን ዝግጁ ማድረግ መሆኑን ያስገነዝባሉ። ሳምራዊው መንገደኛ ነበረ፤ የሚደርስበት ነበረው። የሚሮጠው ወጌሻም የሚጠየቀው ይኸው ነው፤ የራሱን ሩጫ በልቡ ውስጥ ማስቆም። ይህን ካላደረገ የሚያክመው በሽተኛውን ሳይሆን የራሱን ምኞት ነው።

ይህ ማለት ግን በሽተኛው እንደ ሕፃን ይታዘዝ ማለት አይደለም። ለአካለ መጠን የደረሰ ሯጭ ጉዳቱ በግልጽ ተነግሮት፣ ጅማቱ እየታመመም ቢሆን አንድ ውድድር ልሮጥ ቢል፣ ፈቃዱ ከሰብአዊ ክብሩ የሚመነጭ ነውና ሐኪሙ አብሮት ሊቆም የሚችልበት ጊዜ ይኖራል። አጥንቱ እንደ ተሰነጠቀ እያወቀ ሕመሙን በመርፌ አደንዝዞ መላክ ግን ሌላ ነው። ሕመም የሰውነት ምስክር ነው፤ የምስክርን አፍ አፍኖ «ፈቃዱ ነው» ማለት አይቻልም። በዚህ ላይ የምንጠራጠረው ነገር የለም።

የምንቸገረው ከዚህ በኋላ ባለው ነው። በጎማ ወይም በማና ከአንድ ቡና ገበሬ ቤት የወጣ ወጣት በሩጫ ቤተሰቡን ሊያግዝ ተስፋ አድርጎ ሳለ እግሩ ታመመ እንበል። «ስምንት ሳምንት ዕረፍ» የሚለው ምክር ለእርሱ የሕክምና ቃል ብቻ አይደለም፤ የዳቦ ጥያቄ ነው። ነገሩ በሯጮችም አያበቃም። በቡና መጋዘኖቻችን ደጃፍ 60 ኪሎ ጆንያ በትከሻው የሚያነሣው ጫኝና አውራጅ ጉልበቱና ወገቡ እንደ ሯጩ ይጎዳል፤ ዋንጫ ግን የለውም፤ ቦርሳ አንግቦ የሚከተለው ወጌሻም የለውም። ለእርሱ «ዕረፍ» ማለት በመኸሩ ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ዓመቱን የሚያሻግረውን ገቢ ተው ማለት ነው።

ሳምራዊው ቁስሉን ካሰረ በኋላ ለማረፊያ ቤቱ ጠባቂ ሁለት ዲናር መስጠቱን፣ የቀረውንም ሲመለስ ሊከፍል ቃል መግባቱን ሰባኪዎች ብዙ ጊዜ በችኮላ እናልፈዋለን። ዘይቱና ወይኑ ለስብከት ያምራሉ፤ ዲናሩ ግን ሒሳብ ነው። ነገር ግን ዕረፍትን ያዘዘ ሰው የዕረፍቱን ዋጋ ሳይጠይቅ ቢሄድ፣ ትእዛዙ እውነተኛ ሆኖ ሳለ ፍቅሩ ግማሽ ይሆናል። ዋጋውን ብቻውን ይክፈል ብንል ደግሞ ፊዚዮቴራፒስቱን እንበድለዋለን፤ እርሱም ደመወዝተኛ ነው። በብዙ ሥፍራ ዕድሮቻችን ሰው ሲሞት በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንኳን ይተክላሉ፣ ወንበር ያወጣሉ፣ ለሐዘንተኛው ገንዘብ ይቆጥራሉ። ለስድስት ሳምንት ጉልበቱን ይዞ የተቀመጠው ጫኝና አውራጅ ግን በመዝገባቸው ውስጥ ቦታ የለውም፤ በቁምስናዎቻችን መዝገብም እንዲሁ።