ነገ በመኪና እንደርሳለን



በክህነት አገልግሎታችን መጀመሪያ ዓመታት በርካሽ የተገዛች አንዲት አሮጌ መኪና ነበረችን። ባትሪዋ ስለ ደከመ ጠዋት በግፊት እንድትነሣ ማታ ማታ ቁልቁለት ላይ እናቆማት ነበር። ራዲያተሯ ስለሚያፈስም የውሃ ጀሪካን ከቅዳሴ ልብሳችን ጎን አይለይም ነበር። ልጆች «የአባ መኪና የምትሄደው በጸሎትና በትከሻ ነው» እያሉ ይስቁ ነበር፤ እኛም አብረን እንስቅ ነበር።

በአንድ የክረምት ምሽት አንድ ሽማግሌ በጽኑ ታመው ምሥጢረ ቀንዲል እንደሚሹ መልእክት ደረሰን። መንደራቸው በእግር የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። እኛም «ነገ ማለዳ በመኪና እንደርሳለን» አልን። ካቴኪስታችን ግን «አባ፥ እርስዎ ይምጡ፤ እኔ ልቅደም» ብሎ ዱላውን ይዞ በዚያው ሌሊት ወጣ።

በማግስቱ ሞተሩ አልነሣ አለ። መንደርተኛው ገፋ፤ ካንዴላው ተፈትቶ ተጠረገ። ረፋድ ላይ ስንደርስ ሽማግሌው ዐርፈዋል። ካቴኪስቱ እጃቸውን ይዞ የመቁጠሪያ ጸሎት ሲያደርስ እንዳደረ ቤተ ሰቡ ነገሩን። እርሱ ቅዱሱን ቅባት ሊሰጥ አይችልም፤ ያለውን ግን በጊዜው ሰጠ። እኛ የተሰጠንን ጸጋ ይዘን ዘገየን። ማንም አልወቀሰንም፤ ዝምታቸው ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀንም።

ለብዙ ጊዜ ጥፋቱን በመኪናዋ ላይ ስናላክክ ኖርን። ነገር ግን የማትታመን መሆኗን እናውቅ ነበር። ያዘገየን የሞተሩ ድካም ሳይሆን «መኪና አለን» የሚለው መመካታችን ነው። መኪና ባይኖረን ኖሮ በዚያው ሌሊት በእግራችን በተነሣን ነበር።

እመቤታችን ከብሥራቱ በኋላ ኤልሳቤጥን ለመጎብኘት ወደ ተራራማው አገር የተነሣችው ፈጥና እንደ ሆነ ወንጌላዊው ይነግረናል (ሉቃ. 1፥39)። አቡነ ያዕቆብ የምንላቸው ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስም እ.ኤ.አ. በ1860 ታመው ሳሉ ከምጽዋ ወደ ሃላይ ሲጓዙ በመንገድ ላይ ዐረፉ።

ዛሬ በብዙ ቁምስናዎች ስልክም ሞተር ብስክሌትም አለ፤ ስለ እነዚህ እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። ሆኖም «ነገ እደርሳለሁ» ያልነው በሽተኛ፥ «በኋላ እታረቀዋለሁ» ያልነው ወንድም አለን? እንግዲያስ ዛሬ እንነሣ። መንገዱን የጀመረውን እግር ጌታ ያጸናልና። አሜን።