ድንጋይ፣ ብርሃንና ምስክርነት

በሱሉልታ ከተማ አንድ ተማሪ የታሪክ መጽሐፉን ገልጦ፣ እጆቿን በጉልበቶቿ ላይ አሳርፋ የተቀመጠች የአንዲት ሴት ሐውልት ፎቶግራፍ ይመለከታል እንበል። ሐውልቷ ከአክሱም አጠገብ ሐውልቲ በሚባለው ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1959 ዓ.ም. በተደረገ ቁፋሮ የተገኘች፣ ዕድሜዋም ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የሆነ ናት። የምትገኘውም ከእርሱ ብዙ ርቃ አይደለም፤ የጎጃሙን መንገድ ይዞ እንጦጦን በጎን እየተወ ወደ አዲሱ ገበያ ለሚወርድ ሰው፣ አምስት ኪሎ አጠገብ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ቅርብ ነው። ነገር ግን ተማሪው አልወረደም፤ ከቤተ ሰቡም ለዚህ ጉዳይ የወረደ የለም። ስለዚህ ለእርሱ ሐውልቷ ማለት በገጹ ላይ የምትታየው ናት። በሥዕሉ ላይ እጆቿና ጉልበቶቿ ገዝፈው፣ ራስዋ አንሶ ከታየው፣ የጥንት ቀራጮች ሰውን እንዲህ አድርገው ይቀርጹ እንደ ነበር ይማራል። ማንም አልዋሸውም፤ እውነቱንም የነገረው የለም።

ለዚህ ተጠያቂው ማን ነው? ባለሙያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያማርሩት ሰፊ ማዕዘን ያለውን ሌንስ ነው። እርግጥ ነው፣ የሙዚየም ክፍል ጠባብ ነው፤ ከፊት የመስታወት ሣጥን፣ ከኋላ ግድግዳ፣ በጎን ደግሞ የጎብኝ ሰልፍ አለ። በ35 ሚሊሜትር ፊልም ላይ 24 ሚሊሜትር የሆነ ሌንስ እስከ 84 ዲግሪ የሚደርስ ስፋት ስለሚያቅፍ፣ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ላልቻለ ሰው መድኃኒት መስሎ ይታያል። ሆኖም ሌንሱ ይወቀስ እንጂ ዋናው ጥፋት የርቀቱ ነው። ካሜራው ከሐውልቷ እጆች በ60 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ቢቆምና ፊቷ ከእጆቿ 20 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ቢሆን፣ እጆቿ ከፊቷ ጋር ሲነጻጸሩ በአንድ ሦስተኛ ገዝፈው ይወጣሉ። ካሜራው 3 ሜትር ርቆ ቢቆም ግን ብልጫው ከመቶ 7 ያህል ብቻ ይሆናል። ሌንሱ ያደረገው ነገር ቢኖር ፎቶግራፍ አንሺው ያለ ልክ እንዲቀርብ መፍቀዱ ነው። በሥዕሉ ጠርዝ ላይ የወደቀውን ክብ ነገር እንደ እንቁላል መለጠጡ ግን የራሱ የሌንሱ ዕዳ ነው።

እዚህ ላይ አንድ መከራከሪያ መነሣቱ አይቀርም። ሐውልት አንድ ትክክለኛ ገጽታ የለውም፤ ሰው እየዞረ፣ እየቀረበና እየራቀ የሚያየው ነገር ነው። ታዲያ ከሺህ እይታዎች አንዱን የመረጠ ሰው እንዴት አጣመመ ይባላል? ቀርቦ ያየ ሰውም እኮ በዚያ ርቀት ሆኖ ያየው ያንኑ ነው። ይህ መከራከሪያ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ነገር ግን በሐውልቱ ፊት የቆመ ሰው መቅረቡን ያውቀዋል፤ እግሩም፣ አንገቱም፣ ሁለቱ ዓይኖቹም ይነግሩታል፤ ስለዚህ አእምሮው የእጆቹን ግዝፈት አርሞ ይቀበላል። የፎቶግራፉ ተመልካች ግን ይህ ማረሚያ የለውም። ሸንጎ ፊት የቀረበ ምስክር ከየት ሆኖ እንዳየ ይጠየቃል፤ ከቆመበት ስፍራ የተነሣ ያየው ትንሽ ቢሆን አይነቀፍበትም፤ የቆመበትን ስፍራ ቢሸሽግ ግን ይነቀፋል። ከሥዕሎች ግርጌ በሚጻፉ መግለጫዎች ላይ የሐውልቱ ስም፣ ዘመንና የተገኘበት ስፍራ ይገለጻል፤ ካሜራው በስንት ርቀት እንደ ቆመ፣ ብርሃኑም ከየት እንደ መጣ የሚጽፍ አዘጋጅ ማግኘት ግን ያስቸግራል።

የብርሃኑ ጉዳይ ከርቀቱ ይልቅ ረቂቅ ነው። በቀጥታ የተተኮሰ ፍላሽ ጨካኝ መሆኑን ሁሉም ያውቀዋል፤ ከሐውልቱ ኋላ ጥቁር ጥላ ይለጥፋል፣ በመስታወቱም ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያስቀራል። ስለዚህ ባለሙያው ብርሃኑን ወደ ነጭ ኮርኒስ ያዞረዋል፣ ወይም በስስ ነጭ ጨርቅ ይጋርደዋል። ብርሃኑ ይለሰልሳል፣ ጥላው ይሟሟል፣ ሥዕሉም ለዓይን የተመቸ ይሆናል። ፍላሽ ድንጋይን ይጎዳል የሚለው ስጋት መሠረት የለውም፤ ሙዚየሞች እስከ 50 ሉክስ ድረስ ዝቅ ባለ ብርሃን የሚጠብቁት ጨርቅንና ቀለሙ በቀላሉ የሚለቅ ሥዕልን ነው። ጉዳቱ ያለው በሌላ በኩል ነው። ከዚያው ከሐውልቲ የተገኘውና በዚያው ሙዚየም ያለው የድንጋይ ዙፋን በጎኖቹ ላይ፣ ከፊቱ አነስ ያለ ሰው የሚሄድለት ጢማም ሰው ተቀርጾበታል፤ በፊት ጠርዞቹም ላይ የተደረደሩ የዱር ፍየሎች አሉ። የእነዚህ ቅርጾች ከፍታ ጥቂት ነው፤ ሕይወታቸውም ከጎን በሚመጣ ብርሃንና ያ ብርሃን በሚወልደው ቀጭን ጥላ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ከየአቅጣጫው የሚመጣ የለሰለሰ ብርሃን ሲፈስባቸው በወረቀት ላይ የተሣሉ ይመስላሉ። ለስላሳው ብርሃን ርኅሩኅ ይምሰል እንጂ፣ ቀራጺው በመሮ የደከመበትን ጥልቀት ጠርጎ ወስዷል።

ጉዳዩ ከሙያ ወደ ሕሊና የሚሻገረው ግን በላሊበላ፣ በቤተ ጎልጎታ ነው። በዚህ ከአለት በተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ውስጥ የቅዱሳን ምስሎች በቁመተ ሰው መጠን ተቀርጸው ይገኛሉ። ወደ ውስጥ እንዲገቡ የሚፈቀድላቸው ወንዶች ብቻ ናቸው። የሥርዓቱ ምክንያት የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም፤ ውጤቱ ግን ግልጽ ነው። ከሩቅ አገር በእግሯ ተጉዛ የገናን በዓል በደጁ የምታከብር እናት እነዚያን ምስሎች የምታያቸው፣ የምታያቸው ከሆነ፣ በፎቶግራፍ ብቻ ነው። የሱሉልታው ተማሪ አንድ ቀን ሙዚየሙን ሊጎበኝ ይችላል፤ ፎቶግራፉ ቢያሳስተው የሚታረምበት ተስፋ አለ። ለእርሷ ግን ከፎቶግራፉ በኋላ የሚመጣ ማረሚያ የለም።

ታዲያ ምን ይታያት? ካህናቱን አስፈቅዶ፣ ጸሎት የሌለበትን ሰዓት ጠብቆ የገባ ፎቶግራፍ አንሺ ሁለት መንገዶች አሉት። ሰፊውን ሌንስና የለሰለሰውን ፍላሽ ቢጠቀም፣ የመሮው ምት እስኪቆጠር ድረስ ግድግዳውን ሁሉ ገልጦ ያሳያታል፤ ይህም በጧፍ ብርሃን ሲጸልዩ የኖሩት ወንዶች እንኳ ያላዩት ነው። ፍላሹን ትቶ በመስኮቱና በጧፉ ብርሃን ብቻ ቢያነሣ ደግሞ፣ የአንድ ቅዱስ ትከሻና የልብሱ እጥፋት ከጨለማ ወጥቶ ሌላው ሁሉ ይጠፋል። የመጀመሪያው ስለ ድንጋዩ፣ ሁለተኛው ስለ ስፍራው እውነት ይናገራል። ሁለቱም ጎን ለጎን ቢታተሙ መልካም ነበር። አንዱ ብቻ ይታተም ከተባለ ግን ጥላ ያለበት ይመረጣል፤ ምክንያቱም ጨለማውን ያየች ሴት በዚያ ውስጥ ምን እንዳለ ትጠይቃለች፤ ሁሉም በእኩል ብርሃን ተዘርግቶ የቀረበላት ግን ሁሉን ያየች መስሏት መጠየቋን ትተዋለች።

ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ በኩል፣ በሰበታ፣ ብዙ ዓመታት ያስቈጠረ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ። በዚያ ለሚማር ልጅ የየትኛውም ሌንስ ስፋት አይጠቅመውም። ዋናውን ሐውልት መዳሰስ አይፈቀድም፤ የእጅ ወዝ ድንጋይን ያቈሽሻልና። ከጂፕስ የተሠራ ቅጅ በእጁ ቢሰጠው ግን፣ ከጉልበት እስከ ፊት ስንት ጣት እንደሚሆን፣ የቀሚሱም ሽንሽን ምን ያህል እንደሚጠልቅ ሳይሳሳት ይናገራል። በፎቶግራፍ ውስጥ የሚጠፉት እነዚሁ ሁለት ነገሮች፣ መጠንና ጥልቀት ናቸው። ዓይናማው ባለ ካሜራ መሣሪያውን ከመዘርጋቱ በፊት ሐውልቷን አንድ ጊዜ ዞሮ፣ በዓይኑም ቢሆን እንደዚያ ልጅ ቢዳስሳት፣ ምን እንደሚቀርበት አስቀድሞ ባወቀ ነበር። ከዚያ በኋላ ጀርባው ግድግዳውን እስኪነካ ድረስ ያፈገፍጋል፤ መብራቱን ከግራ በኩል ዝቅ አድርጎ ያስቀምጣል፤ ይህም ሁሉ ሆኖ ስፍራው ካልበቃው፣ ያን ጊዜ ሰፊውን ሌንስ ከቦርሳው ያወጣል፤ በሥዕሉም ግርጌ «ከ60 ሴንቲሜትር ርቀት የተነሣ» ብሎ ይጽፋል።